የወዳጄ ልጅ ሳሉግ ሆነች

አንድ የቆየ ወዳጄን ካስቀየምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ነገሩ ወዲህ ነው።

ወዳጄ ጀርመን አገር ከገባ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ መጥቶ ቤቴ ቡና ጠራነው። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስልኩን አውጥቶ የትልቋን ልጁን ፎቶ ያሳየን ጀመር። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ወደ ቋሚ ሥራ ከመግባቷ በፊት ዓለምን ልይ ብላ፣ በምዕራብ ካናዳ ተራሮች ላይ ወዳለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ሄዳለች። ሥራው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ጠዋት ጠዋት ሰዎችን ወደ ተራራው አናት የሚያወጣውን ተንጠልጣይ ወንበር በረዶ ትጠርጋለች፤ ከሰዓት በኋላ ጫማ ታከራያለች፤ ሰው ሲጎድል አልጋ ታነጥፋለች። በፎቶው ላይ በረዶው ጉልበቷ ደርሶ፣ አካፋ ተደግፋ ትስቃለች። ባለቤቴ «ውይ ስታምር! እንዴት ያለች ጎበዝ ናት!» አለች። ጎረቤታችን እትዬም «ታድላ!» አሉ። እኔ ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ «ሳሉግ ሆነች በለኛ!» አልኩት።

ወዳጄ የቡሬ ልጅ ነው። ቃሉን ያውቀዋል። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ሦስተኛውን ሲኒ ሳይጠጣ ተነሥቶ ሄደ። ባለቤቴም እስካሁን አልለቀቀችኝም።

ሳሉግ ማለት፣ ቃሉ ላልደረሰው አንባቢ፣ ወቅት ጠብቆ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ የሚያርም፣ ሰሊጥ የሚያጭድ የጉልበት ሠራተኛ ነው። (አንዳንዱ ስሙን ወደ አገሩ ሳይመለስ እዚያው በቀረው ላይ ብቻ ይለጥፈዋል።) ብዙዎቹ የጎጃምና የጎንደር ደጋ ልጆች ናቸው። በሥራ ወቅት በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ቃሉ ሲነገር ግን እንደ ሙያ ስም አይደለም የሚነገረው። «ያ ሳሉግ» ሲባል ቤት የሌለው፣ የሰከረ፣ ቢላ የያዘ፣ የማይታመን ማለት ነው። እናት ስለ ልጇ «መተማ ወርዷል» ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «ልጄ ካናዳ በረዶ ትጠርጋለች» ሲባል ግን ድምፅ ከፍ ይላል።

እንግዲህ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት። ሁለቱም ወቅት ጠብቀው ከቤታቸው ርቀው ሄዱ። ሁለቱም በጉልበታቸው አደሩ። ልዩነቱ ከልጆቹ አይደለም፤ ከጠበቃቸው ነገር ነው።

ወዳጄ ከመቀየሙ በፊት ሁሉንም በዝርዝር ነግሮን ነበር። ልጅቷ የሄደችበት ፈቃድ አገሮች ተስማምተው ለወጣቶቻቸው የሚሰጡት፣ ዕረፍትንና ሥራን አንድ ላይ የሚፈቅድ ቪዛ ነው። ዕድሜ ከ18 እስከ 30፣ ለአንዳንድ አገር ዜጎች እስከ 35 ነው። ካናዳም፣ አውስትራሊያም፣ ኒውዚላንድም ይሰጣሉ፤ ኢትዮጵያ ግን ከሦስቱም ዝርዝር ውስጥ የለችም። (ከበረዶ ሸርተቴ ጋር ስማችን የተነሣው በሮቤል ተክለማርያም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተንሸራቷል። የእኛው ጮቄ ላይም በረዶ ይወርዳል፤ ግን ሊንሸራተትበት ገንዘብ የሚከፍል አልተገኘም።) ልጅቷ ከመነሣቷ በፊት ውሏን ፈርማለች፤ የጤና መድን ገዝታለች። ቀጣሪው የሠራተኛ መኖሪያ ሰጥቷታል፤ በዕረፍት ቀኗ በነፃ የምትንሸራተትበት ካርድም ጭምር!

እዚያም ቢሆን ሁሉ ነገር ማር ነው አልልም። የሠራተኛ መኖሪያው ጠባብ ነው ብላ አባቷ ጋ አልቅሳለች። ፈረንሳይ ውስጥ እንኳ የወቅት ሠራተኛ የሚያድርበት እያጣ መኪና ውስጥ ማደሩ መነጋገሪያ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የወጣው የተራራ አካባቢዎች ሕግ የቱሪስት ከተሞች ለወቅት ሠራተኞች ማደሪያ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ስምምነት እንዲፈራረሙ አስገድዷል። ልብ በሉ! ጉዳዩ የሚያድርበት ያጣ ሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ ፓርላማ ገብቶ ሕግ ሆኖ ወጣ። ማንም «ያ ሳሉግ» ብሎ አላለፈውም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

የእኅቴ ልጅ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው የተወለደው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ያውቃታል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያ መጽሐፍ ታሪኩ የሚጀምረው ከእሷ ነው። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ ከዚያ ቤት ይወጣል፤ እንደ ወጣም ይቀራል። ይህን መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። በዛብህ ከማንኩሳ ስለ መውጣቱ ስንትና ስንት ሰዓት ተንትኛለሁ! በዚያው ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ከማንኩሳ የወጣ ሌላ ልጅ ተቀምጦ እንደ ነበር ግን አላየሁትም።

አንድ ዓመት ትምህርት ከተጀመረ ሦስተኛ ሳምንት ላይ አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷል። ለመመዝገብ የእኔን ፊርማ ፈልጎ ነው። እኔም በተማሪዎች ፊት፣ ዩኒቨርሲቲ የአባቱ ጎተራ እንዳልሆነ፣ በፈለገው ቀን እንደማይገባበት ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ወረቀቱን ሲቀበለኝ እጁን አየሁ፤ መዳፉ ሁሉ ተሰነጣጥቆ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ሰሊጥ ላይ ነበርኩ፣ ጋሼ» አለኝ። ለደብተሩ፣ ለልብሱ፣ ለመሳፈሪያው ሊሠራ ሄዶ ነው የዘገየው። ፈረምኩለት። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በየስብሰባው «ወጣቱ ሥራ ይንቃል» የሚል ንግግር ስሰማ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ኧረ በሕግ! ከምዕራብ ጎጃም ደጋ ተነሥቶ፣ በአይሱዙ ጀርባ ተጭኖ፣ ሙቀቱ ለደገኛ እሳት ወደሆነ ቆላ የሚወርድ ልጅ ነው ሥራ የሚንቀው? ሥራ የናቅነው እኛ ነን። ሥራውን ስለምንንቅ ነው ሠራተኛውን ለመጠበቅ ሕግ ለማውጣት የሚያዳግተን።

ልጆቹ ለምን ይሄዳሉ? የሚሉን ሊቃውንት አሉ፤ «የደላላ ወሬ አታሏቸው ነው» ይላሉ። ደላላው አለ፤ አልክድም። ከደላላው በፊት ግን መሬቱ አለ። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት ተደላደለ። ያኔ «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» የተባለው ገበሬ ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደርጎ የተረፈው ለሌላው ተሰጠ። ያ ድልድል ትክክል ነበር፣ አልነበረም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ ግን ለድልድል አልደረሰም። የአባቱን አራት ጥማድ ከአምስት ወንድሞቹና እኅቶቹ ጋር ነው የሚካፈለው። ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው። የዳሞት መሬት ለም ነው፤ በቆሎውም፣ የቡሬ በርበሬም ይመሰክራል። ለምነት ግን አንድን ጥማድ ሁለት አያደርገውም።

«በአካባቢያቸው ለምን አይሠሩም?» ይባላል ደግሞ። ይሠራሉ እንጂ! በጎረቤት በብርና በአየሁ እርሻዎች ከደርግ ዘመን ጀምሮ በቆሎ ሲሰብሩ፣ በርበሬ ሲለቅሙ የኖሩት እነማን ሆኑና? ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመረቀ። ደስ ብሎን አጨበጨብን። የቅባት እህሉን ለማጨድ ግን የቡሬ ልጅ አሁንም ቆላ ይወርዳል።

ሰሊጥ ደግሞ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው። ታችኛው ፍሬ ቢጫ ማለት ሲጀምር መታጨድ አለበት። ጥቂት ቀን ካለፈው ገለባው ተሰንጥቆ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ረግፎ የሚለቀም ሰሊጥ የለም። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ያለችው ሁለት ሦስት ሳምንት የዓመቱ ዕጣ ናት። ባለ እርሻው በእነዚያ ቀናት ሠራተኛ ካጣ ይከስራል። ሠራተኛውም ያውቃል፤ ጎረቤት እርሻ ዋጋ ሲጨምር የጀመረውን ጥሎ ይሄዳል። አንድ ባለ እርሻ የማውቀው ሰው፣ «እነዚህ ልጆች ቃል የላቸውም፤ ቅድሚያ ተቀብለው ሌሊት ይጠፋሉ፤ ከማን ጋር ውል ልጻፍ?» ብሎ አማርሮ ነግሮኛል። ውሸቱን አይደለም። ግን እስኪ አስቡት፤ ውል የሌለው ሰው ከእግሩ በቀር ምን መደራደሪያ አለው? ባለ እርሻውስ በመጨረሻው ቀን «ሚዛኑ ጎድሏል፣ ሰሊጡ ረግፏል» ብሎ ከዋጋው ሲቆርጥ ምን ጽሑፍ ይይዘዋል?

«ሕግ አለ» ይሉኛል። አዎን አለ፤ አንብቤዋለሁ። ያስተማርኩት ልብ ወለድ ቢሆንም ዐዋጅ ማንበብ አያቅተኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየዓመቱ የሚደጋገምን የወቅት ሥራ ያውቀዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ ውል ሊደረግበት ይችላል ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ጽሑፍ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል። አሥራ አምስት ቀን! በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ተከምሮ፣ ልጁም ተከፍሎት ወይም ተከልክሎ ወደ አገሩ ተሳፍሯል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች በአእምሯቸው የነበረው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ የሰሊጥ ሠራተኛ አልታያቸውም።

ይህ ግን ምንም አይደለም። የባሰው አንቀጽ 98 ነው። እዚያ ላይ ስለ ሥራ በሽታ ይተነትንና፣ ሥራው በሚካሄድበት አካባቢ የሚገኙ ነባር ወይም ወረርሽኝ በሽታዎች እንደ ሥራ በሽታ አይቆጠሩም ይላል፤ በሽታውን ለማጥፋት ለተሠማራ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር። ይህን አንቀጽ ያነበብኩት የእኅቴን ልጅ ካስታመምኩ በኋላ ነው።

ልጁ ሦስት ወቅት ሄዷል። በሦስተኛው ተመልሶ ደህና ነበር። ገና ካለፈ በኋላ ትኩሳት ጀመረው። አንድ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ «ወባ ነው» ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው። ተሻለው፤ ደግሞ አገረሸ። «ታይፎይድ ነው» ተባለ። በፋሲካ ጾም መጨረሻ ያየሁት ጊዜ እጁና እግሩ እንጨት ሆኖ ሆዱ ብቻ ተነፍቷል። እኅቴ «ቡዳ ነው» ብላ ጠበል ልትወስደው ነበር። ጎንደር ይዘነው ሄድን። ካላዛር ነው። አሥራ ሰባት ቀን በየቀኑ መርፌ ተወጋ። ዳነ። ባይታከም ኖሮ ግን እንደማይተርፍ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረን።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ ያነሰች ነፍሳት ናት። መኖሪያዋ የዋልካው መሬት ስንጥቅና የግራሩ ጥላ ነው። ቀን የደከመው ልጅ ሌሊት የሚተኛው የት ነው? በዚያው በዋልካው ላይ፣ በግራሩ ሥር፣ ያለ አጎበር። በሽታው ከነከሰችው ቀን አንሥቶ ወራት ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ልጁ የሚታመመው ቆላ አይደለም፤ ማንም ካላዛርን የማያስብበት ደጋ፣ እናቱ ቤት ነው። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም በሽታው በወረርሽኝ መልክ ሲገኝ፣ ስሙን ባልሰማ ገበሬ መካከል ብዙ ሰው ጨርሶ ነበር፤ ከሰሊጥ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ነው ባለሙያዎች የገመቱት። በሁመራና በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ካላዛርንና የእባብ ንክሻን ሲያክም የኖረው በትርፍ ጊዜው አይደለም፤ የታመመው ስለበዛ ነው።

እና ይህ የሥራ በሽታ አይደለም! ሰሊጥ ሊያጭድ ባይሄድ የማይይዘው በሽታ፣ አጭዶ ሲመለስ የገዛ ዕዳው ነው። ከጎንደር ስንመለስ እኅቴ ሁለት በግና አንድ ጊደር ሸጣ ነበር። ልጁ በሦስት ወቅት ያመጣው ገንዘብ ተደምሮ ይህን አይመልስም።

የሚገርመኝ መንግሥታችን ተጓዥ ሠራተኛን መጠበቅ አለማወቁ አይደለም፤ ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ኤጀንሲ 100,000 ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር ዋስትና እንዲያስይዝ፣ የሥራ ውል እንዲጸድቅ፣ መድን እንዲገባ ያዝዛል። ሥራ ላይ መዋሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ተጽፏል። ቡሬ ላይ ጭኖ መተማ የሚያወርደው ደላላ ግን አንዲት ብር አያስይዝም። ልጁ የአገሩን ድንበር ስላልተሻገረ ሰው መሆኑ ቀረ?

ሰሊጡስ? የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የሁመራ ሰሊጥ ወደ መጋዘኑ ሲገባ ይመዘናል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ከየት አካባቢ እንደመጣ ይጻፋል። ያጨደው ልጅ ከየትኛው ወረዳ እንደ መጣ የጻፈ የለም።

ይህ አለመጻፍ ምን እንደሚያስከፍል ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይካድራ ላይ ታይቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በቅድሚያ ሪፖርቱ ቢያንስ 600 ሰዎች መገደላቸውን ገምቷል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለጉልበት ሥራ የሄዱ ነበሩ። የአጨዳ ወቅት ነበር። ስለዚያ ጭፍጨፋ፣ በዚያው ምድር ከዚያ በኋላ በትግራይ ተወላጆች ላይ ስለ ደረሰውም፣ ብዙ ተብሏል፤ ገና ብዙም ይባላል። እኔ የማስበው ስለ አንዲት ነገር ብቻ ነው፦ ስሙን ማንም ሳይመዘግብ ስለሄደ ልጅ። እናቱ ማንን ትጠይቅ? በየትኛው መዝገብ ትፈልገው? አልመጣም ብላ ትጠብቃለች፤ ለቅሶ እንኳ አትቀመጥም።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ መሄዱም መቅረቱም ሌላ መልክ ያዘ። ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ ብለው ንጉሡ የሰየሟት ከተማ፣ በዚያው ነሐሴ ከሃያ በላይ ሰው የሞተበት ፍንዳታ ደርሶባታል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ልጁ ቢሄድ በየኬላው ይጠረጠራል፤ ቢቀር እቤቱም ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ ስለ አጎበር ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝ አይጠፋም። ሰሊጡ ግን ጦርነት ነው ብሎ መርገፉን አይተውም፤ እርሻው ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሠራተኛውም ይሄዳል፣ በፊት ከሚሄድበት በባሰ ሁኔታ።

እኔ የምጠይቀው ነፃ የመንሸራተቻ ካርድ አይደለም። ልጁ ሲነሣ ወረዳው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሚሄድበትን እርሻ ይጻፍ። ያቺ አሥራ አምስት ቀን ለወቅት ሥራ አንድ ቀን ትሁን። ለባለሀብቱ መሬት የሚያከራየው መንግሥት ነው፤ እንግዲያው በኪራይ ውሉ ላይ ዳስ፣ ንጹሕ ውሃና አጎበር ይግባ፤ ያላቀረበ ውሉ አይታደስለት። አንቀጽ 98ም ይስተካከል። በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ትኩሳት ይዞ የመጣ ወጣት አስቀድሞ «መተማ ወርደህ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። ይህ የመጨረሻው በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ጥያቄ ነው።

ጎጃም ልጆቹ ርቀው መሄዳቸውን የሚንቅ አገር አልነበረም። ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲል የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲለምን ያደገ ነው። ውሻ ይነክሰው ነበር እንጂ ሰው አይሰድበውም ነበር። የገባበት መንደር ቁራሽ ይሰጠዋል፤ ሲታመም የደብሩ ሰው ያስታምመዋል። ድሀ ነበርን፤ የሚያልፈው የሰው ልጅ መሆኑን ግን እናውቅ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የእኅቴ ልጅ ስልክ ደወለልኝ። ፍኖተ ሰላም በሰው ባጃጅ ይሠራል፤ ነዳጅ በተገኘ ቀን ማለት ነው። ስለ ወዳጄ ልጅ አወራሁት፤ ፎቶዋንም ላክሁለት። ሳቀና በረዶው ይበርዳት እንደሆነ ጠየቀኝ። ጓንት ቀጣሪው ሰጥቷታል አልኩት። ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ የመጨረሻውን ሳምንት ሒሳብ ቢከለክሏት ለማን ነው የምትናገረው?» አለኝ። «ቢሮ ይኖራላ» አልኩት። «ቢሮው ከምትሠራበት ተራራ ምን ያህል ይርቃል?»

እኔ አላውቅም። ለአባቷ ጽፌለታለሁ፤ ከይቅርታ ጋር። እስካሁን አልመለሰልኝም።